ጩኸታችንን ቀሙን

በዳዩ ቀድሞ ሲጮህና ተበዳዩ አፉን ይዞ ሲቀር፣ ያገራችን ሰው «ጩኸቴን ቀሙኝ» ይላል። እስካለፈው ክረምት ድረስ ይህ አባባል ለጨዋታ ማሳመሪያ ብቻ የሚነገር ይመስለኝ ነበር። አንድ ሌሊት ግን ቃል በቃል ሲፈጸም አየሁት።

የምኖረው አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከምድር ቤቱ ሱቆች ሁለቱ መካከላቸው ፈርሶ አንድ ሆኑና መጠጥ ቤት ተከፈተባቸው። በሩ ላይ የተገተረው ሞንታርቦ ቁመቱ ከአስተናጋጇ ይበልጣል። ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራል፤ መቼ እንደሚያበቃ የሚያውቀው የመጨረሻው ጠጪ ብቻ ነው። በዚያ ሌሊት ከእኛ በላይ የሚኖሩ አንዲት የደም ግፊት ሕመምተኛ እናት በድንገት ወደቁ። ልጃቸው በረንዳ ላይ ወጥታ «የሰው ያለህ!» ብላ ጮኸች። ማንም አልወጣም። ክፉዎች ሆነን አይደለም፤ አልሰማንም። በመጨረሻ በባዶ እግሯ ደረጃውን እየወረደች በራችንን አንድ በአንድ በቡጢ ደበደበች። እማማ ተርፈዋል፤ ቀኝ እጃቸው ግን እስከ ዛሬ አልታዘዝ እንዳለ ነው። ያመጣው የዘገየንበት ጊዜ ነው ብዬ አልምልም፤ ሐኪም አይደለሁም። የምምለው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያች ልጅ ጩኸቷን ተቀምታለች።

የዱሮው ሰፈራችን ጸጥተኛ ነበር የሚል ካለ ሰፈሩን አያውቀውም። ጎህ ሳይቀድ የዕድር ጥሩምባ ይነፋል፤ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባላል። ቆራሌው ያልፋል፣ የዶሮው ጩኸት፣ የውሻው ጩኸት አለ። ነገር ግን እልልታ ከሆነ ልጅ ተወልዷል ወይም ሙሽራ መጥቷል፤ ኡኡታ ከሆነ እሳት ወይም ሌባ ነው፤ ጥሩምባ ከሆነ ከመካከላችን አንድ ሰው ጎድሏል። ድምፅ ሁሉ ትርጉም ነበረው። ትርጉም ሊኖረው የቻለውም በመካከሉ ጸጥታ ስለ ነበረ ነው። ዛሬ ልዋጩ የገዛ ጉሮሮውን አሳርፎ በቴፕ የተቀዳ ድምፁን ያስጮኻል፤ ልብስ ሻጩ «ሁሉም በአንድ ዋጋ!» የሚለውን ቃል ከጧት እስከ ማታ ይደጋግምልናል፤ ታክሲው ክላክሱን ያንባርቃል፤ ብረት ቆራጩ ያፏጫል፤ ጄኔሬተሩ ያጓራል፤ ሕንፃ ሠሪው ሲሚንቶውን በእኩለ ሌሊት ያቦካል። ሁሉም በሚጮኽበት ከተማ ደግሞ «ድረሱልኝ» ማለት ከንቱ ነው።

ለመሆኑ ሕግ የለም? አለ እንጂ! ያውም አሮጌ ሕግ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለሀብት ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል፤ ጢስን፣ ጥላሸትን፣ መጥፎ ሽታንና ድምፅን በስም ጠርቶ፣ ከመልካም ጉርብትና ልክ አይለፉ ይላል። በ1995 ዓ.ም. የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ወጣ፤ የድምፅ መጠን ልክ እንዲወሰንም አዘዘ። በዚሁ መሠረት የተዘጋጀው ደረጃ ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል፤ ለንግድ ሰፈር ቀን 65፣ ሌሊት 55 ዴሲቤል ብሎ ወሰነ። ሌሊት ማለትም ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል። ዴሲቤል እንደ ኪሎ አይደመርም። በ10 በጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል አሥር እጥፍ ይሆናል። ለሌሊት ከተፈቀደው 45 ተነሥቶ 85 የደረሰ ድምፅ ኃይሉ እጥፍ ገደማ ሳይሆን አሥር ሺህ እጥፍ ነው። 85 ዴሲቤል ደግሞ የፋብሪካ ሠራተኛ ለስምንት ሰዓት ያህል ቢሰማው ጆሮውን መከለል አለበት የሚባልበት ልክ ነው። የፋብሪካው ሠራተኛ ግን ደመወዝ ይከፈለዋል። እኛ በአልጋችን ላይ ሆነን ማን ይከፍለናል?

ሕጉ ካለ ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው? የእኛን ጉዳይ ልንገራችሁ። አመለከትን። «በጽሑፍ አምጡ» ተባልን፤ አመጣን። «የነዋሪዎች ፊርማ ይያያዝ» ተባለ፤ አያያዝን። ከብዙ ምልልስ በኋላ ሁለት ባለሙያዎች መጡ። የመጡት ከጧቱ 4 ሰዓት ነው! ወንበሮቹ በጠረጴዛው ላይ ተገልብጠው፣ አንዲት ልጅ ወለሉን ትወለውል ነበር። «የተገኘ ድምፅ የለም» ብለው ጽፈው ሄዱ። እርግጥ ነው፣ የተገኘ ድምፅ አልነበረም፤ የሌሊት ሌባ በቀን ቢፈለግ መቼ ይገኛል? ባለቤቱም ወጥቶ «ምቀኞች! እንጀራዬን ልትዘጉ ነው!» ብሎ ሰፈሩን አናወጠው። በዚያች ሰዓት ተከሳሹ እኛ ሆንን። ይኸውላችሁ፣ ጩኸታችንን ለሁለተኛ ጊዜ ቀማን።

የእንጀራን ነገር አቅልዬ አላይም። ነገር ግን የዚያ ሰው እንጀራ ያለው በቢራው ነው ወይስ በሞንታርቦው? ሌሊቱን ሙሉ ዳቦ ስትጋግር አድራ ቀን የምትተኛዋ፣ ተረኛዋ ነርስ፣ ዘበኛው፣ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የሚያጠናው ልጅ፣ የእነሱስ እንጀራ እንጀራ አይደለም? «ጸጥታ የፈለገ ገጠር ይግባ» የሚሉም አሉ። ገጠር መግባት የማያስፈልገው ማን እንደሆነ ግን እናውቃለን። ግቢው ሰፊ፣ አጥሩ ረጅም፣ መስኮቱ ድርብ መስተዋት የሆነ ሰው ጸጥታውን በገንዘቡ ገዝቷል። በአንድ ረድፍ ብሎኬት የተለያየነው እኛ ግን ጸጥታ የምናገኘው ከሕግ ብቻ ነው። ስለዚህ የድምፅ ደንብ የምቾተኞች ቅንጦት ነው የሚለው አባባል ተገልብጦ መነበብ አለበት፤ ሌላ መከላከያ የሌለው የድኻው አጥር እሱ ነው።

አሁን ብዙዎቻችን በሹክሹክታ ብቻ ወደምናወራው ልግባ። የቤተ እምነቶችስ ድምፅ ማጉያ? ይህን ያነሣ ሁሉ እንደ ከሀዲ ይታያል፤ እኔም ጸሎት በሚዘወተርበት ቤት ያደግሁ ነኝ። ነገር ግን ቅዱስ ያሬድ ዜማውን ያዜመው በማይክሮፎን አልነበረም። ከሐበሻ ዘር የሚወለደው ቢላል የመጀመሪያውን አዛን ያሰማው በጉሮሮው ነው። ነቢዩ ኤልያስም በኮሬብ ተራራ እግዚአብሔርን ያገኘው በነፋሱ ወይም በምድር መናወጡ ውስጥ አልነበረም፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ በመጣው ለስላሳ ድምፅ እንጂ። ድምፅ ማጉያ የዕቃ ስም ነው፤ የሃይማኖት ሥርዓት አይደለም። ሳዑዲ ዓረቢያ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2021 የመስጊዶች የውጭ ድምፅ ማጉያ ለአዛንና ለኢቃማ ብቻ እንዲሆን፣ ከፍታውም ከመሣሪያው አቅም ከሢሶው እንዳያልፍ አዛለች። መካና መዲና ያሉበት አገር ይህን ሲያደርግ እምነቱ አልጎደለበትም። እኛ አገር ግን አንዱ ቤት የሚያጎላው ሌላው ስላጎላ ነው፤ ፉክክሩ ወደ ሰማይ ይምሰል እንጂ ወደ ጎረቤት ነው። «ቀድሞ ማን ይቀንስ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ «በእግዚአብሔር የበለጠ የሚተማመነው» የሚል ይመስለኛል።

መንግሥትም ከወቀሳው አይወጣም። ሰልፍና ዘመቻ በመጣ ቁጥር በመኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ጭኖ ሰፈር ለሰፈር የሚዞር አካል፣ ልዋጩን «ቀንስ» ለማለት ምን አፍ አለው? ደንብ ከላይ ካልተጀመረ ከታች የሚደርሰው በትር ሆኖ ነው፤ የሚያርፈውም ሜጋፎን ከመያዝ በቀር ሌላ ጉልበት በሌለው አዟሪ ላይ።

ሠርግና ለቅሶ ይከልከል አላልኩም። ድንኳን የተጣለ ዕለት ጎረቤት ተጠርቷል፤ ዘፈኑም የእሱ ነው፣ እንባውም የእሱ ነው። የምቃወመው ያልተጠራሁበትን፣ ማለቂያም የሌለውን ድግስ ነው።

የምጠይቀው አዲስ አዋጅ አይደለም። መለኪያ መሣሪያ የያዘ ሰው በሌሊት ይምጣ። ጎረቤት በእኩለ ሌሊት ቢደውል ማመልከቻና ፊርማ ሳይባል የሚያነሣለት ስልክ ይኑር። ሰው ከሚተኛበት ክፍል ሥር መጠጥ ቤት እንዲከፈት ፈቃድ የሚሰጠው ባለሥልጣን፣ ከመፈረሙ በፊት አንዲት ሌሊት እዚያው ፎቅ ላይ ይደር። ልኩም ለመጠጥ ቤቱ፣ ለቤተ እምነቱና ለመንግሥት መኪና አንድ ይሁን።

መጠጥ ቤቱ ዛሬም ክፍት ነው። እማማ ግን ከልጃቸው ጋር አንድ ዘዴ ፈጥረዋል፤ ከአልጋቸው አጠገብ የብረት ዘንግ አኑረዋል፤ የባሰባቸው ዕለት በግራ እጃቸው ወለሉን ይመታሉ፤ እኛ ከሥራቸው ያለነው ጣራችን ሲንቀጠቀጥ እንድናውቅ። በአንድ ሚሊዮኖች የሚኖሩበት ከተማ ውስጥ የሰው ድምፅ ከሰው ጆሮ መድረስ አቅቶት በብረት መነጋገር ጀምረናል። ማታ ማታ ሙዚቃው ሲጀምር ዓይኔ ጣራው ላይ ነው።

የሰማህ ላልሰማ አሰማ፤ መስማት ከቻልክ።