የፈተናው ውጤትና የገበሬ ማኅበሩ ድርሻ በጋዝጊብላ

ሰኔ ሲገባ በዋግ ኽምራ ደጋ፣ በጋዝጊብላ ወረዳ፣ ገበሬው በእርሻና በዘር ይጣደፋል። በዚያው ሰሞን ልጁ ለ6ኛ ወይም ለ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ይቀመጣል። ውጤቱ ዝቅ ብሎ ሲገኝ በስብሰባ ላይ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ «መምህራኑ ምን ሲሠሩ ከረሙ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ግማሽ ጥያቄ ነው። ሕዝቡ ዛሬም «ገበሬ ማኅበር» እያለ የሚጠራቸውን ቀበሌዎች የሚመሩ ሰዎች የቀረውን ግማሽ ለራሳቸው ሊያቀርቡት ይገባል።

በቅድሚያ ቁጥሩን እንዴት እንደምናነበው እንመልከት። አራት አማራጭ ባለው ጥያቄ ላይ አንድም ነገር የማያውቅ ልጅ በግምት ብቻ ቢያጠቁር ከ100 ወደ 25 ያገኛል። ስለሆነም የአንድ ትምህርት ቤት አማካይ ውጤት 30 ነው ከተባለ «ልጆቻችን ሲሶውን ያውቃሉ» ማለት አይደለም። አብዛኞቹ ጥያቄውን አንብበው አልተረዱትም ማለት ነው። ሌላም መታለያ አለ። 1ኛ ክፍል 60 ልጆች ተመዝግበው ለፈተና የደረሱት 15 ብቻ ቢሆኑና 12ቱ ቢያልፉ፣ ወረቀቱ ላይ ትምህርት ቤቱ 80 በመቶ አሳለፈ ተብሎ ይጻፋል። የቀሩት 45 ልጆች በዚያ ቁጥር ውስጥ የሉም። ሪፖርት የሚቀበል መሪ «ስንት አለፉ?» ከማለቱ በፊት «ስንት ጀምረው ነበር?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ድክመቱ የሚጀምረው ደግሞ በፈተናው ዓመት አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገሪቱ ልዩ ልዩ ክልሎች የ2ኛ ክፍል ልጆች የማንበብ ችሎታ ሲመረመር፣ ከ100 ልጆች 34ቱ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። በ4ኛ ክፍል በተደረገው አገር አቀፍ የትምህርት ምዘናም በ1992 ዓ.ም. 48 ገደማ የነበረው አማካይ ውጤት በ2000 ዓ.ም. ወደ 41 ወረደ። በእነዚያ ዓመታት ትምህርት ቤት የገባው ሕፃን ቁጥር እጅግ ጨምሮ ነበር። በሩ ተከፈተ፣ መጽሐፉና መምህሩ ግን እኩል አልደረሱም። የዚህ ሁሉ ድምር በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ታየ። ከተፈተኑት 845 ሺህ ያህል ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ቢልም ከ10 ተማሪዎች 9ኙ አሁንም ከመስመሩ በታች ናቸው።

ወደ ዋግ ስንመለስ ነገሩ ይከብዳል። በ2012 ዓ.ም. 1ኛ ክፍል የገባና ሳያቋርጥ የዘለቀ አንድ ልጅ በ2017 ዓ.ም. 6ኛ ክፍል ይደርሳል። ይህ ልጅ ፊደል በሚቆጥርበት ዓመት፣ በመጋቢት፣ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በመላ አገሪቱ ተዘጉ። በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ተነሳ፤ እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ ሰቆጣና አካባቢዋ የጦርነቱ ሰለባ ሆኑ። ከዚያ በ2015ና በ2016 ዓ.ም. በዞኑ ቆላማ ወረዳዎች ድርቁ ጠናና ሰውና ከብት ተፈናቀለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሳው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከረሙ። እንግዲህ ይህን ልጅ አዲስ አበባ በሰላም ከተማረው እኩዩ ጋር በአንድ ቁጥር መመዘን ችግሩ የት እንዳለ ያሳየን ይሆናል እንጂ በማን ጥፋት እንደደረሰ አይነግረንም።

ረሃብም አለ። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማስቀረት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የተባለው ያለምክንያት አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ 100 ሕፃናት 46ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። ቁርሱን ሳይበላ ዳገት ወጥቶ የመጣ ልጅ ከሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ጥቁር ሰሌዳውን ያያል እንጂ ትምህርቱን አይከታተልም። የምገባ ፕሮግራም በደረሰባቸው ትምህርት ቤቶች ማገዶና ውሃ ማቅረቡ፣ የምግቡን መጋዘን መጠበቁ ከሞላ ጎደል የቀበሌው ሥራ ነው።

የቋንቋውም ጉዳይ መታለፍ የለበትም። በዞኑ ቤታቸው ኽምጣና እየተናገሩ ያደጉ ልጆች አሉ። እነዚህ ልጆች በሌላ ቋንቋ የቀረበውን ጥያቄ ሲሳሳቱ ሒሳቡን ስላላወቁት ይሁን ዐረፍተ ነገሩ ስላልገባቸው ከውጤት ወረቀቱ መለየት አይቻልም።

መሪው በእጁ ያለው ዋናው ነገር ጊዜ ነው። አጨዳውና ውቂያው በኅዳርና በታኅሣሥ ይመጣል፣ ተከትሎም የተፋሰስ ሥራው። ወንዱ ልጅ ለእረኝነት፣ ሴቷ ልጅ ለውሃና ለወፍጮ የምትቀረው በዚያን ጊዜ ነው። (የቀበሌውን ስብሰባ ራሱን በትምህርት ቀን፣ በመማሪያ ክፍል ውስጥ የሚጠሩም አይጠፉም።) በሳምንት ሁለት ቀን የሚቀር ልጅ በዓመቱ መጨረሻ ከትምህርቱ ከአምስት ሁለቱን እጅ አጥቷል፤ በሰኔ የሚሰጥ የማጠናከሪያ ትምህርት ይህን አይመልሰውም። ከብቱን ጎረቤታሞች በተራ እንዲጠብቁ መስማማት፣ ደቦውን ቅዳሜና እሁድ ማድረግ፣ የመምህሩን ማደሪያ ጣሪያ መጠገን በጀት ከወረዳ የሚጠበቅባቸው ነገሮች አይደሉም።

የወላጅ መምህር ኅብረቱ መቅረት የሚመዘገብበትን መዝገብ በየወሩ ከመሪው ፊት ያቅርብ። መሪው በኅዳር አንድ ቀን ወደ 2ኛ ክፍል ይግባና አሥር ልጆች ከመጽሐፋቸው አንድ ገጽ እየተነሱ ያንብቡለት። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ከአሥሩ አራቱ ዝም ካሉ፣ እነዚያው ልጆች ከአራት ዓመት በኋላ ለ6ኛ ክፍል ፈተና ይቀመጣሉ።