ወረቀቱን ያሸተቱት ሰዎች

ስለ ሴንሴሽንና ፐርሴፕሽን ስንማር ምሳሌው ሁሌ ከውጭ ነው፤ ያቺው ርዝመቷ የምታታልል መስመር ሰሌዳ ላይ ትሳላለች። ከእኛ ወደ ደቡብ፣ በሜኤን ሕዝብ ዘንድ የተሠራ ጥናት እንዳለ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? እነ ዴሬጎቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1972 እንዳሳተሙት፣ ሥዕል ያለበት ወረቀት የተሰጣቸው ሰዎች ወረቀቱን ዳሰሱት፣ አሸተቱት፣ ጨምድደው ድምፁን አዳመጡ፣ ቆርሰውም ቀመሱት። ሥዕሉን ከቁብ አልቆጠሩትም። የሚያውቋቸው እንስሳት በጨርቅ ላይ ታትመው ሲቀርቡላቸው ግን፣ ጊዜ ቢወስድባቸውም ብዙዎቹ ለዩ።

በእኔ አስተያየት እነዚያ ሰዎች አልተሳሳቱም። አይተው የማያውቁት ዕቃ ነዋ የተሰጣቸው! ኖፓ ውስጥ ቡና የምትቆላ እናት መድረሱን በመዓዛውና በሚያሰማው ድምፅ ትለያለች፤ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አሳርረዋለሁ። አፍንጫችን ያው ነው፣ ልምዳችን ግን ለየቅል።

ነገ ለማስተማር የምንወጣ ልጆች፣ ዲያግራም ማንበብ ያቃተውን ተማሪ «ደካማ» ከማለታችን በፊት ሥዕል ማንበብን ማን አስተማረው ብለን እንጠይቅ። ይህን የምለው እኔም ስላጠፋሁ ነው። ለልምምድ በወጣሁ ጊዜ ቀይና ሰማያዊ የተቀባ የልብ ሥዕል አቅርቤ፣ ዝም ላለችኝ አንዲት ልጅ ዜሮ ሰጠኋት። ከክፍል ስንወጣ ቀስ ብላ ጠጋ አለችና፣ «ቲቸር፣ ሰማያዊ ደም አለ እንዴ?» አለችኝ።