በ«ምናልባት» የተሞላ ቦርሳ

ለረጅም ጉዞ ካሜራውን የሚያሰናዳ ሰው የትኞቹን ሌንሶች ልያዝ ብሎ ቢጠይቅ፣ የሚያገኘው ምክር ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፦ «ክፍተት እንዳትተው»። ከ16 እስከ 35፣ ከ24 እስከ 70 እና ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር የሚሸፍኑ ሦስት ዙም ሌንሶች ከተያዙ፣ ሦስቱም ኤፍ 2.8 ከሆኑ፣ ከዚያ ወዲያ የሚያመልጥ ነገር የለም ይባላል። ፈረንጆቹ ሦስቱን በአንድነት «ቅድስት ሥላሴ» እስከ ማለት ደርሰዋል። ስያሜው ለእኛ ጆሮ ድፍረት ቢሆንም የአስተሳሰቡን ጠባይ ግን አጋልጦ ያሳያል፤ ነገሩ ከሙያ ወጥቶ ሃይማኖት ሆኗል። መካሪው ተጓዡ ወዴት እንደሚሄድ፣ በእግሩ ይሁን በመኪና፣ ሰው ሊያነሳ ይሁን አራዊት ሳይጠይቅ ማዘዣውን ይጽፋል። በሽተኛውን ሳያይ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ቢኖር ማንም አይምረውም፤ የሌንስ ሐኪሞች ግን በዚሁ ሥራቸው ይመሰገናሉ። የዚህ ምክር ስሕተት ከመነሻ ጥያቄው ይጀምራል። ሌንስ መመረጥ ያለበት «ምን ሊያመልጠኝ ይችላል?» ከሚል ስጋት ተነስቶ አይደለም፤ «ከማነሳው ሰው ወይም ነገር ምን ያህል ርቄ ልቆም ነው?» ከሚል ውሳኔ ተነስቶ ነው።

አስቀድሞ ክብደቱን እንመልከት፤ እሱ በሚዛን የሚታይ ነውና። ከካኖን የኢኤፍ ሌንሶች የኋለኞቹን ብንወስድ፣ 16-35ቱ 790 ግራም፣ 24-70ው 805 ግራም፣ 70-200ው 1480 ግራም ይመዝናሉ። ድምሩ ከ3 ኪሎ ያልፋል፤ ካሜራው ሲጨመርበት ወደ 4 ኪሎ ይጠጋል። ብዙ አየር መንገዶች በኢኮኖሚ ክፍል ለሚሳፈር መንገደኛ የሚፈቅዱት የእጅ ሻንጣ ደግሞ 7 ኪሎ ነው። ከዚያው ፋብሪካ የወጡ ሁለት ሌንሶች፣ 35 ሚሊ ሜትሩ ባለ ኤፍ 2 እና 85 ሚሊ ሜትሩ ባለ ኤፍ 1.8፣ አብረው 760 ግራም ናቸው፤ የሦስቱ ሩብ ማለት ነው። አዳዲሶቹ የሚረርለስ ሌንሶች ቀለል ቢሉም ምጥጥኑን ብዙም አልቀየሩትም። በሰሜን ተራሮች ለሚጓዝ ሰው በቅሎ አለች ይባል ይሆናል። ነገር ግን በቅሎ ላይ የተጫነ ሌንስ ማታ ሰፈር ሲደረስ እንጂ መንገድ ላይ አይገኝም፤ 4000 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የሚተነፈሰው ኦክሲጅን በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ ገደማ በሆነበት ቦታ፣ ትከሻ ላይ የሚቀር እያንዳንዱ ግራም ዋጋ አለው። የዱሮ መንገደኛ በሶና ዳቦ ቆሎ ይቋጥር ነበር እንጂ ምጣድና ሞሰብ ተሸክሞ አልወጣም። እንጀራ ጠልቶ አልነበረም፤ ስንቅ በመንገዱ እንጂ በምኞት እንደማይለካ ስለሚያውቅ ነው።

ክብደት ግን የክርክሩ መግቢያ ብቻ ነው፤ ጠንካራ ጀርባ ያለው ሰው «እኔ እችለዋለሁ» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ዋናው ነገር ርቀት ነው። በፎቶ ውስጥ የፊተኛውና የኋለኛው ነገር መጠን እርስ በርስ የሚመጣጠነው ፎቶ አንሺው በቆመበት ቦታ ነው፤ ሌንሱ የሚወስነው ከዚያ ቦታ ከሚታየው ምን ያህሉ ተቆርጦ እንደሚገባ ነው። ስለዚህ ሌንስ መምረጥ መቆሚያ መምረጥ ነው። ስሌቱም ቀላል ነው። በቁሙ በተያዘ ፉል ፍሬም ካሜራ፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው ከእግሩ እስከ ራሱ ፍሬሙን ሞልቶ እንዲገባ በ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ 1 ሜትር ከ70 ገደማ፣ በ85 ሚሊ ሜትር 4 ሜትር፣ በ200 ሚሊ ሜትር ከ9 ሜትር በላይ መራቅ ያስፈልጋል። ሁለት ሜትር ሳይሞላ የቆመ ሰው «እንደምን ዋሉ» ሳይል ካሜራ ማንሳት ያሳፍረዋል፤ በአራት ሜትርም ቢሆን ዓይን ለዓይን መተያየት፣ በራስ ምልክት ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል። በዘጠኝ ሜትር ግን ሰላምታው ይቀራል፣ ጥያቄው ይቀራል፣ የሚነሳው ሰው መነሳቱን እንኳ ላያውቅ ይችላል። መስቀል የያዙ ካህን ዘንድ ቀርቦ የተሳለመ ሰው እዚያው ሆኖ በ35 ያነሳል፤ የ200 ባለቤት ከዛፍ ሥር ሆኖ ያነጣጥራል። ቅርበት ብቻውን ፈቃድ እንደማይሆን ግልጽ ነው፤ ርቀት ግን ፈቃድ የመጠየቁን ግዴታ በቀላሉ ያስረሳል። «ሁሉንም ያዝ» የሚለው ምክር ይህንን ልዩነት የሚያየው እንደ ምቾት ጉዳይ ብቻ ነው።

ጥቂት ሌንስ ይዘው የዞሩ ሰዎች ምን አመጡ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ፈረንሳዊው አንሪ ካርቲየ ብሬሶን እ.ኤ.አ. ከ1948 መጨረሻ እስከ 1949 ቻይና ውስጥ ወራት ሲያሳልፍ፣ አንድ መንግሥት ሲወድቅና ሌላው ሲተካ በላይካ ካሜራ ዘግቧል። አልፎ አልፎ ሌሎች ሌንሶችን ቢጠቀምም፣ የሥራ ዘመኑን ሁሉ የሙጥኝ ያለው 50 ሚሊ ሜትርን ነበር። ዓይኑ ከአንድ ሌንስ ጋር ስለተዋሐደ ካሜራውን ፊቱ ላይ ከማድረጉ በፊት ፍሬሙ ውስጥ የሚገባውንና የሚቀረውን ያውቀው ነበር። ስቲቭ ማከሪም እ.ኤ.አ. በ1984 ፓኪስታን በነበረ የስደተኞች ካምፕ ያነሳት፣ በ1985 የናሽናል ጂኦግራፊክ ሽፋን የሆነችው አፍጋናዊት ልጃገረድ፣ የተነሳችው በ105 ሚሊ ሜትር ኒኮን ሌንስ ነው። በዚያ ሌንስ ራስና ትከሻን ለመሙላት የሚያስፈልገው ርቀት ሁለት ሜትር አይሞላም። ሁለቱ ሰዎች የተጠቀሙት ሌንስ ለየቅል ነው፤ አንዱ መካከለኛ፣ ሌላው ረዘም ያለ። የሚያመሳስላቸው ግን የሁለቱም ሥዕሎች የመጡት ሰው ከሰው ጋር በሚነጋገርበት ርቀት ላይ ሆኖ ከሚሠራ ሌንስ መሆኑ ነው። ስለዚህ ክርክሩ «አጭር ሌንስ ይሻላል» የሚል አይደለም፤ መቆሚያውን የመረጠ ሰው ሌንሱንም መርጧል የሚል ነው።

ነገሩን ብዙ ሰው በሚያውቀው ጉዞ እንፈትነው። ከአዲስ አበባ፣ ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ ተነስቶ ለጥምቀት ጎንደር የሚገባ፣ ከዚያ ሰሜን ተራሮችን አይቶ ላሊበላ የሚወርድ ሰው አለ እንበል። በጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ የተሳሉት የመላእክት ፊቶች የሚታዩት በደብዛዛ ብርሃን ነው፤ ፍላሽ ደግሞ ሥዕሎቹን ይጎዳል ተብሎ ስለሚታመን አይፈቀድም። እዚያ ውስጥ የሚያስፈልገው ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ ነው፤ ኤፍ 1.8 ከኤፍ 2.8 ሁለት እጥፍ ተኩል የሚጠጋ፣ ከኤፍ 5.6 ደግሞ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። በጥምቀት ዋዜማና ዕለት በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ሕዝቡ ትከሻ ለትከሻ ሲገጣጠም ሌንስ መቀየሪያ ይቅርና ክንድ ማንሻ እንኳ አይገኝም፤ የተያዘው ሌንስ የቀኑ ሌንስ ነው። ጭላዳዎቹ ሰሜን ላይ ሣር እየነጩ ሰውን ከቁብ ስለማይቆጥሩ ጥቂት ሜትሮች ድረስ ያስቀርባሉ፤ 85ቱ ይበቃቸዋል። የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ ለማንሳት 16 ሚሊ ሜትር የግድ ነው የሚሉ አሉ፤ ሕንጻው 12 ሜትር ገደማ ወደ ታች ተቆፍሮ የወጣ ስለሆነ ከጉድጓዱ ውስጥ ወደ ኋላ መሸሽ አይቻልምና። ነገር ግን የጠራቢዎቹ ጥበብ ያለው እዚያ ላይ ነው። ከላይ፣ ከአፋፉ ሲታይ መስቀሉ ሙሉ ነው፤ ከታች ሲቆሙ ግን ዓለቱ ዓይንን ያሸንፋል። ግድግዳውን ጎትቶ፣ ጠርዙን አጣሞ በግድ ፍሬም ውስጥ የሚያስገባ ሌንስ ቦታው የሚናገረውን ነገር ያስተባብላል።

«ክፍተት» የሚባለውም ቢሆን የሚፈራውን ያህል አይደለም። በ35 ሚሊ ሜትር የተነሳ ባለ 24 ሜጋፒክስል ፎቶ የ50 ሚሊ ሜትር እይታ እስኪሰጥ ቢቆረጥ 12 ሜጋፒክስል ገደማ ይተርፈዋል። አንድ ሙሉ የኤ4 ገጽ በኢንች 300 ነጥብ ለማተም የሚያስፈልገው 9 ሜጋፒክስል እንኳ አይሞላም። የመቆሚያው ቦታ ስላልተለወጠ የሥዕሉ ምጥጥንም አይለወጥም። በዚሁ ስሌት 85ቱ በውስጡ 120 ሚሊ ሜትር ደብቆ ይዟል። ሰፊው የሰሜን ገደል በአንድ ፍሬም አልገባ ካለ ሁለት ሦስት ፎቶ ጎን ለጎን አንስቶ መስፋት ይቻላል፤ ገደሉ አይንቀሳቀስምና። በብዙዎች ኪስ ያለው ስልክ ደግሞ ከ13 ሚሊ ሜትር ጋር የሚስተካከል ሰፊ ሌንስ አለው፤ ለማስታወሻ የሚሆን ሰፊ እይታ ከፈለጉ አልጋ ክፍሉንም አደባባዩንም ይዞ ይመጣል። እንግዲህ በ35 እና በ85 መካከል ያለው ባዶ ቦታ ያለው በሽያጭ ካታሎግ ላይ ነው፤ በአልበም ላይ ግን ማንም አይቶት አያውቅም። ፎቶ እያየ «ይህን በ62 ሚሊ ሜትር ብታነሳው ኖሮ» ያለ ሰው ከየት ይገኛል?

የተቃዋሚዎች ብርቱ መከራከሪያ ሌላ ነው፦ ይህ ጉዞ በዕድሜ አንዴ የሚገኝ ነው፤ ይዞ አለመጠቀም ይሻላል፣ ፈልጎ ከማጣት። አባባሉ አሳማኝ የሚመስለው የመያዝን ዋጋ ዜሮ አድርጎ ስለሚያስብ ነው። ሦስት ሌንስ የያዘ ሰው በእያንዳንዱ አጋጣሚ ሦስት ጥያቄ ይዞ ይቆማል። ዲያቆኑ ጸናጽሉን ሲያነሳ እሱ ክዳን ይፈታል፤ ሴትየዋ ሳቃቸውን ሲጨርሱ እሱ ቦርሳውን ይዘጋል። በዳሎል ጨውና አቧራ መካከል ሌንስ በቀየረ ቁጥር ሴንሰሩን ለዚያ ሁሉ ያጋልጠዋል። ማምለጡስ መቼ ቀረ? ጉዞ ከሚያሳየው ነገር አብዛኛው የትኛውም ሌንስ ቢያዝ ያመልጣል፤ ከጀርባ ያለው፣ ከእንቅልፍ በፊት ያለው፣ አውቶቡሱ ሲያልፍ የታየው ሁሉ ያመልጣል። ሁለት ያባረረ አንዱንም አይዝም እንደሚባለው፣ ምርጫው በማጣትና ባለማጣት መካከል ሳይሆን አውቆ በመተውና ሳያውቁ በማጣት መካከል ነው። አውቆ የተወ ሰው የቀረውን በደንብ ያያል።

ሌሎች ሦስት መቃወሚያዎች አሉ። አንደኛው ባለሙያዎች ሁሉንም ይይዛሉ የሚል ነው። አዎ፤ የሠርግ ፎቶ አንሺ ቀለበቱንም ዘመዱንም ከሩቅ የሚመጣውን ሙሽራም እንዲያመጣ ውል ፈርሟል፤ መኪናና ረዳትም አለው። ተጓዥ ግን የማንም ውል የለበትም፤ የሌላውን ሥራ መሣሪያ ያለ ሥራው መሸከም ትርፉ ድካም ነው። ሁለተኛው፣ 18-300 ዓይነት አንድ ረጅም ዙም ችግሩን ሁሉ ይፈታል የሚል ነው። ክብደቱን በእርግጥ ያቃልላል፤ አስተሳሰቡ ግን ያው «ምናልባት» ነው፣ በአንድ ቱቦ ውስጥ የታጨቀ። በጨለማው ቤተ መቅደስ ብርሃን ይነፍጋል፤ በአደባባዩም እግር መሥራት ያለበትን ሥራ ለአውራ ጣት ይሰጣል፣ ሰውም ከመቅረብ ይልቅ ማስቀረብን ይለምዳል። ሦስተኛው መቃወሚያ እውነት ስለሆነ መቀበል ይገባል። በባሌ ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ ለማየት የሚሄድ ሰው፣ ከ500 የማይበልጡ የቀሩትን ያንን አውሬ ቀርቦ አያስጨንቀውም፤ እዚያ መራቅ ነውር ሳይሆን ጨዋነት ነው፣ 400 ሚሊ ሜትርም ሆነ ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። ይህ ግን ክርክሩን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ያ ሰው ረጅሙን ሌንስ የሚይዘው ከቀበሮው ምን ያህል ርቆ መቆም እንዳለበት ስለወሰነ ነው፤ 70-200ውን ቤት የሚተወውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለዚህ የዝግጅቱ ቅደም ተከተል ይገልበጥ። በመጀመሪያ ጉዞው የማንና የምን እንደሆነ ይታሰብ፤ ቀጥሎ ከዚያ ሰው ወይም ነገር ጋር በምን ያህል ርቀት መቆም እንደሚገባ፤ ከዚያ በኋላ ብርሃኑ፤ በመጨረሻ ሌንሱ። ከመነሻው ቀን በፊት ባለው ምሽት ሌንሶቹ አልጋ ላይ ይደርደሩና እያንዳንዱ «ለምን ትሄዳለህ?» ተብሎ ይጠየቅ። «በሥላሴ ጣራ ሥር ላለው ደብዛዛ ብርሃን»፣ «አጠገባቸው ለምቀመጥ ሽማግሌዎች»፣ «ለሳነቴው ቀበሮ» የሚል መልስ ያለው ቦርሳ ይግባ። መልሱ «ምናልባት» ብሎ የሚጀምር ሌንስ ግን እዚያው ቁም ሣጥን ውስጥ ባለቤቱን ይጠብቅ።