ስለ መኪና እሽቅድምድም ሜዳና ስለ ደንገጎ ቁልቁለት

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ጾምና ስለ ማዕድ፣ ስለ ጎረቤት ፍቅር መጻፍ የተለመደ ስለ ሆነ፣ ዛሬ የመኪና እሽቅድምድም መነሣቱ አንዳንዱን ያስደንቀው ይሆናል። ነገር ግን ጎልማሳ ልጅ ያለበት ቤት እንደሚያውቀው፣ ብዙ ወጣቶች በቴሌቪዥን በጉጉት ከሚመለከቷቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ከዚህም በላይ ነገሩ ድሬ ዳዋን ከልብ የሚነካበት ምክንያት አለ፤ እርሱንም ዝቅ ብለን እናየዋለን።

ወሬው እንዲህ ነው። አፍሪካ ፎርሙላ ዋን የተባለውን ታላቅ ውድድር ለመጨረሻ ጊዜ ያስተናገደችው በ1993 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ በኪያላሚ ሜዳ ነበር። ኪያላሚ ሜዳውን ወደ ከፍተኛው ደረጃ ለማድረስ ያቀረበውን ፕላን ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን በ2025 እ.ኤ.አ. ተቀብሎታል። ሩዋንዳም አልተኛችም፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የፌዴሬሽኑ ጉባኤ በኪጋሊ በተደረገ ጊዜ፣ ፕሬዚዳንቷ ፖል ካጋሜ ውድድሩን ወደ ሀገራቸው ለማምጣት መነሣታቸውን በይፋ አስታውቀዋል። ከቀይ ባሕር ማዶ ደግሞ ሳዑዲ ዐረቢያ በቂዲያ ለምታሠራው ሜዳ የመጀመሪያው ኩርባ ከ70 ሜትር በላይ ወደ ሰማይ ከፍ እንዲል ታስቧል። ይህን የሰማ የድሬ ዳዋ ወጣት «እኛስ መቼ ነው?» ቢል አይፈረድበትም።

ለጥያቄው መልስ ከመስጠት በፊት ግን፣ ፈረንጆች ይህን ሜዳ ከመጀመሪያው ለምን እንደ ሠሩት መጠየቅ ይገባል። ሜዳ የተሠራው ፍጥነትን ለማክበር ብቻ አይደለም፤ ፍጥነትን ከሰው መንገድ ለይቶ ለማጠር ጭምር ነው። በግንቦት ወር 1903 እ.ኤ.አ. ከፓሪስ ተነሥቶ እስከ ማድሪድ የሚደርስ ውድድር በሕዝብ መንገድ ላይ ተደርጎ ነበር። በዚያ ዘመን መንገዱ አቧራ፣ ከብቱና ሰዉም የሚተላለፍበት ነበርና ብዙ ሰው ተጎዳ፤ ከሞቱትም መካከል ከታወቀው የመኪና ፋብሪካ መሥራቾች አንዱ ማርሴል ረኖ ይገኝበታል፤ ለማየት የወጡ ሰዎችም ሞቱ። የፈረንሣይ መንግሥት ውድድሩን ቦርዶ ከተማ ላይ አስቆመው። እነዚያ የተመኩባቸው መኪኖችም በፈረስ ተጎትተው ወደ ባቡር ጣቢያ እንደ ተወሰዱ ይነገራል።

ከአራት ዓመት በኋላ በሰኔ ወር 1907 እ.ኤ.አ. ሂዩ ሎክ ኪንግ የተባለ እንግሊዛዊ ባለ ርስት በራሱ መሬት ላይ ብሩክላንድስ የተባለውን ሜዳ አስመረቀ። ለመኪና እሽቅድምድም ታስቦ የተሠራ የመጀመሪያው ክብ ሜዳ ይህ ነው። ዙሪያው 4 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ሲሆን ኩርባዎቹ በሲሚንቶ እንደ ግድግዳ ከፍ ተደርገው ነበር። በእንግሊዝ የሕዝብ መንገድ በዚያን ጊዜ በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት ክልክል ነበር። የሚቸኩል ሰው በአጥሩ ውስጥ ይቸኩል፤ ወተት ሻጩና ተማሪው በሰላም በመንገዱ ይሂድ፤ ሐሳቡ ይህ ነበር።

በዚሁ ዘመን፣ ማለት በ1900 ዓ.ም.፣ ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል አዲስ አበባ አስገብቶ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ተቀመጡበት። (በሠረገላ መጓዝስ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ የሐዋርያት ሥራ የሚነግረን ጃንደረባ በጋዛ መንገድ በሠረገላው ላይ ሆኖ መጽሐፍ ያነብ ነበር። ፊልጶስ ሮጦ የደረሰበት እንደ ዛሬዎቹ ሾፌሮች ባለመጋለቡ ይመስለኛል።) እንግዲህ መኪናውም አጥሩም በአንድ ዓመት ውስጥ ተወልደዋል ማለት ነው። ወደ እኛ የመጣው ግን መኪናው ብቻ ነው፤ አጥሩ አልመጣም።

ወደ ድሬ ዳዋ እንመለስ። ከተማችን በ1902 እ.ኤ.አ. የምድር ባቡር ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ የተቆረቆረች፣ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በሜዳ ላይ የተዘረጋች ናት። ወደ ደቡብ ግን መንገዱ ወዲያው ይነሣል፤ እየተጠማዘዘ ወደ ደንገጎ ይወጣል፤ በዚያም ለሁለት ተከፍሎ በግራ ወደ ሐረር፣ በቀኝ ወደ ቁልቢ ይሄዳል። ይህ መንገድ የእሽቅድምድም ሜዳ ነው ብል ማጋነን እንዳይባልብኝ። ከአወዳይ የሚጫነው ጫት ከውሎ ካደረ ዋጋው ስለሚወድቅ፣ ጭነቱን ቀድሞ ለማድረስ አይሱዙዎች በሐረማያ በኩል መጥተው በዚያ ቁልቁለት እየተሽቀዳደሙ ይወርዳሉ። ሕዝቡ አይሱዙን «አልቃይዳ» ብሎ የሰየመው በቀልድ ብቻ አይደለም። ዳኛና አምቡላንስ በአጠገቡ የሌለው፣ ተመልካቹም ከነልጁ በጠርዙ የሚሄድ መንገደኛ የሆነ ውድድር ይህ ነው።

በዚሁ መንገድ ነው እንግዲህ በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ምእመናን ወደ ቁልቢ ቅዱስ ገብርኤል የሚጎርፉት። ጥቂቱ በአውቶቡስ፣ ጥቂቱ በግል መኪና፣ ብዙው ደግሞ በእግሩ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጃንጥላና ምንጣፍ ለስእለት ይዞ ይወጣል። ነጠላ ለብሳ በጠርዙ የምትሄድ እናትና ሲነጋ ገበያ ለመድረስ የሚበር ካሚዮን በአንድ አስፋልት ላይ ይገናኛሉ።

ቁልቁለት ሰውን የሚገድልበት ምክንያት ምስጢር አይደለም፤ በየቤቱ ሊታወቅም ይገባል። ፍሬን መኪናን የሚያቆመው ሸራውን ከብረት ጋር በማፋተግ ነው። ፍትጊያ ሙቀት ይወልዳል። ሾፌሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ዜሮ አድርጎ ቢለቀው፣ የጭነቱ ክብደት ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑም ሲረገጥ ውሎ ይግላል፤ ከጋለ በኋላ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ቢረገጥ እንኳ መኪናው አይያዝም። «ፍሬን በጠሰ» የሚባለው ብዙ ጊዜ የተበጠሰ ነገር ኖሮ ሳይሆን ፍሬኑ በሙቀት ዝሎ ነው። መድኃኒቱ አሮጌዎቹ ሾፌሮች የሚያውቁት ነው፦ ዳገቱን በወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን መውረድ፤ መኪናውን ሞተሩ ራሱ እንዲይዘው ማድረግ፤ ፍሬኑን በየጊዜው ለአጭር ጊዜ ረግጦ መልቀቅ።

ይህን ወጣቱ የሚማረው የት ነው? የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ሞተር ሳይክሉን፣ ባለ ሦስት እግሩን፣ አውቶሞቢሉን፣ የሕዝቡንና የጭነቱን መኪና በየምድቡ ለይቶ ሥልጠናና ፈተና ይጠይቃል፤ ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን ለማጅ በለጥ ያለ ሜዳ ላይ ወደ ኋላ መሄድና ማቆም ተምሮ ፈተናውን ካለፈ በኋላ፣ የመጀመሪያውን እውነተኛ ቁልቁለት ደንገጎ ላይ ከነተሳፋሪዎቹ ሊማረው ነው። በኦስትሪያ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ ሾፌር መንጃ ፈቃድ ከተቀበለ በኋላ እንደገና ተመልሶ በታጠረ ሜዳ አንድ ቀን እንዲሠለጥን ግዴታ ሆኗል። በዚያ ሜዳ ላይ ሆን ተብሎ ውኃ የሚፈስስበት አንሸራታች ቦታ አለ፤ መኪናው ሲንሸራተት፣ በድንገት ሲቆም፣ ከእንቅፋት ሲሸሽ ምን እንደሚሆን ለማጁ ማንንም ሳይጎዳ ያየዋል። ስሕተቱን በአጥር ውስጥ ይጨርሰዋል።

ስለዚህ ለወጣቱ «እኛስ?» ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ፣ አዎን ሜዳ ያስፈልገናል፤ ነገር ግን ሩዋንዳ የምትመኘው ዓይነት አይደለም፣ የሚል ነው። የፎርሙላ ዋን ሜዳ ብዙ ሀብት የሚጠይቅ የክብር ነገር ነው። ከመልካ ጀብዱ ወዲያ እንዳለው ዓይነት ደረቅና ለጥ ያለ መሬት ላይ ግን ኩርባ ያለው የታጠረ መንገድ፣ በአፈር ተቆልሎ አስፋልት የተነጠፈበት ሰው ሠራሽ ዳገትና ቁልቁለት፣ ውኃ የሚረጭበት ስፍራ ማዘጋጀት ይህን ያህል የማይቻል ሥራ አይመስለኝም። ከዚያ ወዲያ መሽቀዳደም የሚወድ ወጣት ቢኖር፣ በተወሰነለት ሰዓት፣ የራስ ቁር አድርጎ፣ በዳኛ ፊት በዚያው ሜዳ ይሽቀዳደም። ጳውሎስ ሐዋርያ ራሱ ሯጮችን ለምሳሌ ሲያነሣ ስለ ሜዳ እንጂ ስለ ገበያ መንገድ አልተናገረም። የመኪና ጨዋታ ሁሉ ኃጢአት ነው የሚሉ አባቶች አሉ፤ አክብሮታቸው እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ እኔ ኃጢአቱ ያለው በባልንጀራ ሕይወት መጫወት ላይ ነው እላለሁ።

ሌላም ሊነገር የሚገባው አለ፤ መራራ ቢሆንም በክርስቲያን ቤት መነገር አለበት። በብዙ መኪኖች መስታወት ላይ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ተለጥፎ ይታያል፤ አዲስ መኪናም ጠበል ይረጫል፤ ይህ የአባቶቻችን መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ሥዕሉን ለጥፎ ፍሬኑን ሳያስመረምር፣ እንቅልፍ ሳይጠግብ፣ «መልአኩ ይጠብቀኛል» እያለ ያን ቁልቁለት የሚበር ሰው የማንን ቃል እየሰማ እንደ ሆነ ቢያስብ ይሻለዋል። ጌታችንን በመቅደስ ጫፍ ላይ አቁሞ ራሱን ወደ ታች እንዲወረውር፣ መላእክትም በእጃቸው እንደሚያነሡት የነገረው ፈታኙ ነበር። ጌታ የመለሰለትንም መልስ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻ በዓለም ላይ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ሞቷል፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ልጆችና ወጣቶች ከማናቸውም በሽታ ይልቅ የሚገድለው ይኸው ነው። ጦርነትን የምንፈራ ወላጆች የመኪና ቁልፍን ለልጃችን ስንሰጥ እጃችን አይንቀጠቀጥም።

ሜዳው እስኪሠራ ድረስ ግን ዝም ብለን አንቀመጥም። ልጁን ወደ ማሠልጠኛ የሚልክ አባት፣ ስለ ክፍያው ብቻ ሳይሆን «ልጄን በዳገት አስነሥታችሁ፣ በቁልቁለት በማርሽ አውርዳችሁ፣ በሌሊትም አስነድታችሁ ነው የምታስመርቁት?» ብሎ አሠልጣኙን ይጠይቅ። ለቁልቢ ጉዞ አውቶቡስ የሚከራዩ ማኅበራት፣ ዋጋ ከመከራከራቸው በፊት ፍሬኑ መቼ እንደ ታየ፣ ሾፌሩም ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ እንደ ሆነ ይመርምሩ፤ ሲወርዱም «ቶሎ በል» የሚለውን ተሳፋሪ ሳይሆን «ቀስ በል» የሚለውን ሽማግሌ ከፊት ያስቀምጡ። በእግር የምትወጡም በሌሊት ነጩን ነጠላ ከላይ ደርቡ፤ ልጆችን ወደ ውስጥ አድርጋችሁ፣ የሚመጣው መኪና ፊት ለፊት በሚታይበት በግራው ጠርዝ ሂዱ።