ጭብጨባና እርማት

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ኮሌጅ ባለበት ከተማ ለኖረ ሰው የደራሲ ጉባኤ ምን እንደሚመስል መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። በበሩ ላይ ሰፊ ጨርቅ ይሰቀላል፤ በመድረኩ ላይ ጠረጴዛ፥ በጠረጴዛውም ላይ የታሸገ ውሃና የፕላስቲክ አበባ ይቀመጣል፤ አንድ ወጣት የድምፅ ማጉያውን በጣቱ መታ መታ እያደረገ «አንድ፥ ሁለት፤ ይሰማል?» ይላል። ጥሪው ለ8 ሰዓት ከሆነ ነገሩ የሚጀመረው 9 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከዚያ የእንኳን ደኅና መጣችሁ ንግግር ይደረጋል፤ የመክፈቻ ንግግር ይከተላል፤ ስለ ንባብ ጥቅም ደግሞ ሦስተኛ ሰው ይናገራል። የደራሲው ተራ ሲደርስ ሰዓቱ ስለ ሄደ «እባክዎን በአጭሩ» የሚል ብጣሽ ወረቀት ይቀርብላቸዋል።

ይህን ስል በሌሎች የምስቅ እንዳይመስላችሁ፤ እኔ ከሚስቁት ይልቅ ከሚሣቅባቸው ወገን ነኝ። ባለፈው ዓመት እዚሁ ጎንደር በአንድ አዳራሽ ውስጥ እጄን አውጥቼ አንድ ደራሲ ጠየቅሁ። ጥያቄዬ ረዥም ነበረ፤ «ዘመናዊነት» እና «ማንነት» የሚሉ ቃላት በየመካከሉ ተሰክተውበት ነበር። መጽሐፉን ግን አላነበብሁትም፤ የጀርባ ሽፋኑን ብቻ በመጽሐፍ አዟሪው እጅ ላይ እንዳለ ቆሜ አይቼዋለሁ። ደራሲው በትዕግሥት ካደመጡኝ በኋላ «መምህር፥ ይህ አሳብ የመጣልዎ ከየትኛው ምዕራፍ ነው?» አሉኝ። «ከአጠቃላዩ ነው» ብዬ ተቀመጥሁ። አዳራሹም አጨበጨበ። ያ ጭብጨባ ለእኔ ይሁን ለደራሲው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ያሳስበኛል። ለመሆኑ ጉባኤያችን የሚጎድለው ምንድን ነው? አዳራሽ ነው? ደራሲ ነው? ወይስ ሰሚ?

ጎንደር ለጉባኤ እንግዳ አይደለችም። ዐፄ ፋሲል ከተማዋን በ1628 ዓ. ም. ከቈረቈሩ በኋላ የተነሡት ልጃቸው ጻድቁ ዮሐንስ በግቢው ውስጥ ያሠሩት ቤት እስከ ዛሬ «ቤተ መጻሕፍት» እየተባለ ይጠራል። ግንብ በሚታነጽበት ቦታ መጽሐፍም የራሱ ቤት ይገባዋል ማለት ነው። የላይ ቤትና የታች ቤት እየተባሉ የሚጠሩት የመጻሕፍት ትርጓሜ ወገኖችም የታወቁት በዚሁ ከተማ ነው። አንዱ መምህር «እንዲህ ማለት ነው» ሲል ሌላው «አይደለም፤ እንዲህ ነው» እያለ ቃሉን በቃል ይመረምር ነበር። ይህ ሳይነበብ የሚሆን ነገር አይደለም።

መጻሕፍቱ እንኳ በዚያው አልቀሩም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ. ም. ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ብዙ መጻሕፍት ሰብስበው ወደ መቅደላ አጓጓዙ፤ በ1860 ዓ. ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ከዚያ ተወስደው ዛሬ በለንደን በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት የሚገኙት የብራና መጻሕፍት ከ300 በላይ ናቸው። መጽሐፉ ሲወሰድ ግን የመስማት ልማድ አብሮ አልተወሰደም። ከፎገራ የተነሡት የአለቃ ገብረ ሐና ቀልድ እስካሁን በየቡና ቤቱ የሚነገረው፥ የሰማው ሰው በልቡ ይዞ ስለ ሄደና ለሌላው ስለ ነገረ ነው።

የቅኔ ቤቱን ሥርዐት ደግሞ እስቲ አስቡት። ከቅኔ ዐይነቶች ሁሉ የምታንሰው፥ ሁለት ቤት ብቻ ያላት፥ ስሟ «ጉባኤ ቃና» ነው፤ ትንሿ ግጥም እንኳ በጉባኤ ስም ትጠራለች። የቅኔ ተማሪ ቀን ብቻውን ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይቈጥራል፤ ከዚያ በመምህሩ ፊት ቆሞ ይነግራል። መምህሩ ወዲያው አያሞግሱትም፤ ቤቱ የጎደለውን፥ ሰሙ ከወርቁ ያልገጠመውን እየነቀሱ ያርማሉ። ጓደኞቹም ይሰማሉ። ቅኔው በበዓል ቀን በሕዝብ ፊት የሚቀርበው በዚህ ወንፊት ካለፈ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ሊቁ «ይበል!» ቢሉት ቃሉ ክብደት አለው። እርማት ይቀድማል፤ ምስጋና ይከተላል። እኛ ግን እርማቱን ትተን ጭብጨባውን ብቻ ወረስን።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭም ቢሆን ሰሚው ባዶ እጁን አይመጣም ነበር። በአዝማሪ ቤት የተቀመጠ እንግዳ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ ይመልሳል። ስንኝ የሌለው ሰው ዝም ብሎ ጠጁን ይጠጣል እንጂ እንደ እኔ ከጀርባ ሽፋን ተነሥቶ አይጠይቅም።

ይህ ልማድ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሳይሻገር አልቀረም። በ1943 ዓ. ም. በተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በኮሌጁ ቀን ግጥም እያነበቡ ይወዳደሩ እንደ ነበር፥ ንጉሠ ነገሥቱም ይገኙ እንደ ነበር የታወቀ ነው። በ1953 ዓ. ም. ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተባለ ግጥሙን አሰማ። ኮሌጁ ወደ ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከተጠቃለለ በኋላም በ1959 ዓ. ም. ገሞራው በሚባል የብዕር ስም የምናውቀው ኀይሉ ገብረ ዮሐንስ «በረከተ መርገም»ን አነበበ። እነዚህ ግጥሞች ከአዳራሹ ወጥተው በየማደሪያው በእጅ ተገልብጠው የተነበቡት ድምፅ ማጉያው ጥሩ ስለ ነበር አይደለም። ሰሚው የተባለውን ቃል በቃል ሰምቶ ስለ ተከራከረበት ነው።

በ1958 ዓ. ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ ወጋየሁ ንጋቱ በሬድዮ ሲተርከው ስንቱ ሰው መጽሐፉን በጆሮው እንዳነበበው ወላጆቻችሁን ጠይቁ። ጮክ ብሎ ማንበብ ማንበብ ላልቻለ ሰው ብቻ የሚደረግ ቸርነት አይደለም፤ ለሚያነበውም ሰው መጽሐፉን ሁለተኛ ጊዜ መክፈት ነው።

እንግዲህ ወደ ዛሬው ልመለስ። በ1947 ዓ. ም. በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት የጀመረው የጎንደር ትምህርት ቤት በ1990ዎቹ ዓመታት ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ከልዩ ልዩ ክፍለ አገር የመጣ ወጣት በየግቢው ይማራል። በዚህ ሁሉ ተማሪ መካከል መጽሐፍ የሚወድ ሰው አይታጣም። እርግጥ ነው፤ ጊዜው ለጉባኤ የተመቸ ሆኖ አልከረመም። በሐምሌ 2015 ዓ. ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ በኋላ በጎንደርም የሰዓት እላፊ ተደንግጎ ነበር፤ ማታ እንሰብሰብ የሚል ሰው ሁሉ አስቀድሞ ወደ ቤት የመመለሱን ነገር ማሰብ ግድ ሆነበት። ይሁን እንጂ ድክመታችንን ሁሉ በጊዜው ላይ መለጠፍ አይገባንም። ቀን በተሰበሰብንበትም ሰዓት አልተደማመጥንምና።

ይህን የምለው በአንዲት ተማሪዬ ምክንያት ነው። እኔ የማስተምረው ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኝ አንዲት የደጋ ከተማ ነው። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ናቸው፤ ቅዳሜ ወደ ወላጆቻቸው ሄደው እሑድ ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። ከእነርሱ አንዲቱ፥ የ11ኛ ክፍል ተማሪ፥ ግጥም ትጽፋለች። ጎንደር በተደረገ አንድ ጉባኤ ላይ እንድታነብ አስፈቅጄ ወሰድኋት። እየተንቀጠቀጠች አነበበች። አዳራሹ አጨበጨበ፤ አንዳንዶቹም ተነሡ። እኔም እጄ እስኪግል ድረስ አጨበጨብሁ።

ስንመለስ በአውቶቡስ ውስጥ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «መምህር፥ ደስ ያላቸው የትኛው መስመር ላይ ነው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። የሷን ድፍረት ስመለከት ግጥሙን አልሰማሁትም ነበር። «ሁሉም ጥሩ ነው» አልኋት። ልጅቷም መስኮቱን እያየች «እንግዲያው አልሰሙኝም» አለች። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር አንድ መስመር አልጻፈችም።

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ነቀፋ ብዕር እንደሚሰብር ሁላችንም እናውቃለን። ባዶ ጭብጨባም እንደሚሰብር ግን እኔ የተማርሁት ከዚያች ልጅ ነው።

በመጨረሻ ወረቀቱን እንድታመጣልኝ ለመንኋት። ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ከዚያ አስቀምጫት፥ እንደ ቅኔ መምህር ባልሆንም እንደ ቻልሁ፥ እውነቱን ነገርኋት፤ «እናትሽ ውሃ ቀድታ ስትመለስ የሚያሳዩት እነዚህ ሁለት መስመሮች ያንቺ ናቸው፤ ማንም አይነጥቅሽም። እነዚህ አራቱ ግን ቤት እንዲመታ ብቻ የገቡ ናቸው፤ ነገር የላቸውም» አልኋት። ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር። በማግሥቱ ማለዳ ሰልፍ ሳይጀመር አራቱን መስመሮች ለውጣ መጣች። አንዱ ከፊተኛው የባሰ ነበር፤ ሦስቱ ግን ተሽለዋል። የባሰውንም ነገርኋት፤ ሣቀችና ወረቀቱን ይዛ ሄደች።

እንግዲህ ተማሪም ብትሆኑ፥ በየመሥሪያ ቤቱ በአነስተኛ ደመወዝ የምታገለግሉ የመንግሥት ሠራተኞችም ብትሆኑ፥ ከእናንተ የምለምነው ከባድ ነገር አይደለም። አንደኛ፥ ጉባኤ ስትጠሩ መጽሐፉ ከጉባኤው ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ በሰው እጅ ይግባ። ሁለተኛ፥ የመክፈቻው ንግግር አንድ ብቻ ይሁን፤ ጊዜው ለንባብና ለጥያቄ ይትረፍ። ሦስተኛ፥ ጠያቂ ገጹን ጠቅሶ ይጠይቅ፤ ገጽ የሌለው ሰው ያዳምጥ፤ ማዳመጥም ክብር ነው። አራተኛ፥ ጀማሪ ሲያነብ ከጭብጨባው በኋላ ሁለት ሰዎች ወረቀቱን ይዘው አብረውት ይቀመጡ። አምስተኛ፥ ከዳባትና ከደባርቅ ወገን የሚመጣ ተማሪ በቀን ደርሶ በቀን እንዲመለስ ሰዓቱ ይታሰብ።

«መጽሐፍ ተወዷል፤ ደመወዛችን ከቤት ኪራይ አያልፍም» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ የእኔም አያልፍም። ስለዚህ በትምህርት ቤታችን አሥር መምህራን ሆነን የመጽሐፍ ዕቁብ ጀምረናል። በየወሩ ትንሽ ትንሽ እናዋጣና አንድ መጽሐፍ እንገዛለን፤ ዕጣ የወጣለት ሰው መጽሐፉን ይወስዳል፤ የሚወስደው ግን ዘጠኛችን አንብበን ከጨረስን በኋላ ነው። የሂሳብ መምህራችን ዕጣው ለራሱ የወጣ ጊዜ ዘግይተው የሚያነቡትን እንደ ባለዕዳ እየተከታተለ ያስቸግራል። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ያሉት ለመጽሐፍም ይሆናል።

ባለፈው ወር የተዳረሰው መጽሐፍ ያ የጀርባ ሽፋኑን ብቻ ያነበብሁት ነው። አሁን ጨርሼዋለሁ። ደራሲው ዳግመኛ ወደ ጎንደር ቢመጡ አንድ አጭር ጥያቄ አለኝ፤ ከሰባተኛው ምዕራፍ ነው።