የአዲስ አበባው ጉዞ ሥዕልም ይኑርበት

ማኅበራችን ልጆቻችንን አዲስ አበባ ስለማስጎብኘት ሲመክር፣ ስድስት ኪሎ ያለው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ሙዚየም ይጨመር ብዬ ነበር። «መልኩ ለማይለይ ቀለም ነው ዓባይ በረሃን የምንወርደው?» ተባልኩ። ተሳቀብኝም።

በበኩሌ አልተዋጠልኝም። ገብረ ክርስቶስ እኮ «ሀገሬ»ን የጻፈው ባለቅኔ ነው። ግጥሙን በቃሉ የሚል ከመካከላችን አይጠፋም፤ ሥዕሉን ያየ ግን ማን ነው? አባቱ አለቃ ደስታ የሃይማኖት መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ ነበር፤ ይህ ሙያ ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም። ልጁ ደግሞ ጀርመን አገር፣ ኮሎኝ ተምሮ ተመለሰና በ1963 እ.ኤ.አ. «ጎልጎታ»ን ሣለ። ስቅለት ነው፤ በየቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ የምናውቀው ስቅለት፣ ግን ደም በመሰለ ቀይ ቀለም። ታዲያ ይህ ምኑ ነው መልኩ የማይለየው?

በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ በስደት ሳለ አረፈ። ጀርመን የቀሩት ሥዕሎቹ አገራቸው የገቡት እርሱ ካለፈ ከብዙ ዓመት በኋላ ሲሆን፣ ሙዚየሙም በ2008 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። እርሱ ሳይመለስ ሥራው ተመለሰ፤ እኛ ደግሞ በደጁ አልፈን ልንሄድ ነው።

መንገዱ ሰላም ሲሆን የምጠይቀው አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። አስቀድሞ ግን ይደወል፤ ቤቱ የሌሎች ሠዓሊዎችንም ሥራ ስለሚያሳይ፣ የእርሱ ሥዕሎች ተሰቅለው እንደሆነ ይጠየቅ። በዋዜማው መምህራኑ «ሀገሬ»ን ለልጆቹ ቢያነቡላቸው ደግ ነው። ሰዓቱ ከምሳ ጋር ይጋጫል ከተባለ ስንቅ እንይዛለን፤ ዳቦው ከኔ ቤት።