ሞተሩ ተለወጠ፤ ፍሬኑስ?

ከአዳማ ተነሥቶ ወደ አሰላ የሚወጣው መንገድ አዋሽን ተሻግሮ ዴራን ካለፈ በኋላ ጠባዩ ይለወጣል። ሙቀቱ ይበርዳል፤ ግራሩ እየሳሳ የስንዴው ማሳ እየሰፋ ይሄዳል፤ ጭላሎም ከሩቅ ትከሻውን ያሳያል። የመኪናም ጠባይ የሚለወጠው እዚሁ ላይ ነው። ሜዳውን ሲዘፍን የመጣው ሞተር ድምፁ ይወፍራል፤ ጥቁር ጢስ ይተፋል፤ ሾፌሩም ማርሹን ወደ ሦስተኛ፣ አልፎም ወደ ሁለተኛ ይመልሳል። እኔ ኢተያ ተወልጄ ያደግሁ ነኝና ይህን ድምፅ በሚገባ አውቀዋለሁ። ቤታችን ለመንገዱ ቅርብ ስለ ነበር፣ ሌሊት አልጋችን ላይ ሆነን የሚያልፈውን መኪና ዓይነት በድምፁ ብቻ ለመለየት ከወንድሞቼ ጋር እንወራረድ ነበር። ብዙ ጊዜ የሚረታው ታላቅ ወንድማችን ነው። ዛሬ የምጽፈው ስለ እርሱና ስለ ፒክአፑ ነው፤ ስለ ራሴም ነው። ሞተር ለሥነ ጽሑፍ ወዳድ ምኑ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ።

ወንድም ጋሼ (ከልጅነቴ ጀምሮ የምጠራው እንዲህ ነው) ከኢተያ ስንዴ እየጫነ አዳማ ያወርዳል፤ ሲመለስ ለባለሱቆች ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ ጨውና ሳሙና ያመጣል። መኪናው አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ የተገጠመለት መካኒኮች «ቱ ኤል» የሚሉት፣ 2,446 ሲሲ የሆነ ባለ አራት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ነበር። በዚህ ሞተር ላይ ጥፋት አላገኘሁም። ጥፋት ካለ የአገራችን ከፍታ ነው። ሞተር ነዳጅ ብቻ አይበላም፤ አየርም ይበላል። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ያንኑ የሳሳ አየር ነውና፣ በወረቀት ላይ ከተጻፈለት የፈረስ ጉልበት ሩብ የሚጠጋውን ያጣል። ናፍጣው እንደ ልማዱ ይረጫል፤ የሚያነድደው አየር ግን ይጎድላል። ያ ጥቁር ጢስ በቅጡ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው፤ የወንድሜ ገንዘብ ነው።

አዲስ አበባ ያሉ ወዳጆቼ ትልቅ ሞተር መጫንን የጉራ ነገር አድርገው ያዩታል። ለከተማ ጎረምሳ እውነት ሊሆን ይችላል። ዐሥር ኩንታል ጭኖ በሁለተኛ ማርሽ ዳገት ለሚገፋ፣ ራዲያተሩ ሲፈላበት መንገድ ዳር ቆሞ ጀሪካን ይዞ ውኃ ለሚለምን ሰው ግን ትልቅ ሞተር ጉራ አይደለም። ከኋላው የመጣው አይሱዙ ጡሩንባ እየነፋ ሲያልፈው የሚሰማውን ውርደት እኔ አብሬው ጋቢና ተቀምጬ አይቼዋለሁ። አዲስ መኪና ይግዛ እንዳልል ዋጋው የማይታሰብ ነው። ስለዚህ «ሞተሩን ላስለውጥ» ብሎ ሲያማክረኝ ያለ ማመንታት ተስማማሁ፤ የገንዘቡንም እኩሌታ እኔ ልችል ቃል ገባሁ።

አብረን መርካቶ ሶማሌ ተራ ወረድን። ከጎናቸው ዘይት የሚያዥ ሞተሮች መሬት ላይ ተደርድረው፣ ደላላው በእግሩ እየነካ «ይኼ ውኃ ጠጥቶ አያውቅም» እያለ የሚያስማማበትን ያንን ሰፈር ያየ ያውቀዋል። ምርጫው ሁለት ነበር። አንደኛው ከቱ ኤል ጋር አንድ ቤተሰብ የሆነው፣ 2,986 ሲሲው «ፋይቭ ኤል» ነው። ሁለተኛው ከላንድክሩዘር የወረደ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4,164 ሲሲ፣ «ዋን ኤች ዜድ» የሚሉት ግዙፍ ሞተር። ወንድም ጋሼ ዓይኑን ከግዙፉ ላይ መንቀል አቃተው። ነገር ግን ባለ ስድስቱ ረጅም ነው፣ ከባድ ነው፤ ሃይሉክስ ውስጥ ላስገባህ ካሉት ሞተሩ የሚቀመጥበትን ቆርጦ መበየድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ፋይቭ ኤልን ይዘን ተመለስን።

የጫነልን መካኒክ ጠንቃቃ ሰው ነበር። አሮጌው ሞተር በካቴና ተንጠልጥሎ ሲወጣ፣ ከሥሩ ያለውን ሻንሲ በባትሪ እያበራ አየና ለወንድሜ እንዲህ አለው፦ «ሞተሩን እኔ አስቀምጥልሃለሁ። ግን ጉልበት ሲጨምር ጭነት ትጨምራለህ፤ ሁሉም የሚያደርገው ነው። እግረ መንገዳችንን ፍሬኑንና ባሌስትራውን እንያቸው።» ወንድሜም ደወለልኝ። የመለስሁለትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፤ «እሱ ለሚቀጥለው ይቆይ፤ አሁን እጄ አጥሯል» ነበር ያልሁት። እጄ አላጠረም። በዚያው ሳምንት ለራሴ መጻሕፍትና ጫማ ገዝቻለሁ።

ጋራዥ ለቋንቋ ወዳድ ጥሩ ትምህርት ቤት መሆኑን ሳላነሣ አላልፍም። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ሁሉም ከጣሊያንኛ ገብተው አማርኛ የለመዱ ናቸው። ከሁሉ የሚገርመኝ «ፎሌ» ነው። የቆዩ ሾፌሮች ማርሹ ከየትኛውም ጥርስ ሳይገባ ሲቀር፣ ማለትም ዜሮ ሲሆን፣ «ፎሌ ነው» ይላሉ። ቃሉ በጣሊያንኛ «እብድ» ማለት ነው። ቁልቁለት ላይ ናፍጣ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ መውረድ የኛ አገር ሾፌር የቆየ ልማድ ነው። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚለውን የሽማግሌ ሾፌሮች ምክር የሚሰማው ጥቂት ነው። እርግጥ ነው፤ ትልቅ የናፍጣ ሞተር በሁለተኛ ማርሽ ከተያዘ ራሱ መኪናውን ይይዛል፤ በዚህ በኩል ወንድሜ ከቀድሞው የተሻለ መሣሪያ ነበረው። መሣሪያው ግን የሚሠራው ከጎማው ጋር ሲያያዝ ነው።

መካኒኩ እንዳለው ሆነ። ዐሥር ኩንታል የነበረው ጭነት ዐሥራ አምስት፣ ከዚያም ሃያ ገባ። ዳገቱ ተበገረ፤ ወንድም ጋሼም በየሳምንቱ እየደወለ «አይሱዙውን አለፍሁት» ይለኝ ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን ስንዴው የሚሄደው ወደ ታች ነው! ከባዱ ጭነት የሚወርደው ቁልቁል ነው። ባዶውን አንድ ቶን ተኩል ገደማ የሚመዝን መኪና ሃያ ኩንታል ሲጭን ሦስት ቶን ተኩል ይሆናል። ይህ ክብደት ከኢተያ እስከ አዋሽ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ያ ሁሉ ኃይል የትም አይጠፋም፤ ሙቀት ይሆናል። አስልቼው ነበር፤ ሁለት ጀሪካን ተኩል ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ከፊሉን ነፋስ ይወስደዋል፤ ከፊሉን ሞተሩ፣ ማርሽ ከገባ፣ ይውጠዋል። የቀረው አራት ጎማ ውስጥ ባለው ሸራና ዲስክ ላይ ይከማቻል። የፍሬን ዘይት ከፈላ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ቢጫኑት ይታመቃል እንጂ አይገፋም። ፔዳሉ ወለል የሚነካው ያን ጊዜ ነው።

ባለፈው ጥር፣ አዝመራው ገብቶ ገበያው በደራበት ሰሞን፣ ፔዳሉ ወለል ነካ። ወንድሜ መኪናውን ወደ ግራ አፈር ቁልል አስጠጋና እዚያ ላይ አወጣው፤ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። እርሱ ደረቱን ተመታ እንጂ ደኅና ነው። ጋቢና ውስጥ አብሮት የነበረው ረዳት፣ የጎረቤታችን ልጅ፣ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ልጁ ዐሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ልጠይቀው ስሄድ እናቱ ቡና አፍልተው፣ «ከዚህ የባሰም ነበረ፣ ተመስገን» ብለው እኔን አጽናኑኝ። ስለ ፍሬኑ ገንዘብ አልነገርኋቸውም። እስካሁንም አልነገርኋቸውም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር እያወጣሁ እያወረድሁ ነው። አርሲ ትልቅ ሞተር ሲጫንባት ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን ርዳታ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ሕዝቡ «ካዱ» የሚለው፣ አሰላ ላይ ተቋቋመ። ምርጥ ዘር መጣ፣ ማዳበሪያ መጣ፣ ብድር መጣ፤ የስንዴው ምርት አደገ። ይህን ማንም አይክደውም፤ እኛም የበላነው እንጀራ ነው። ይሁን እንጂ ሞተሩ የተጫነበት ሻንሲ፣ ማለትም የመሬት ሥሪቱ፣ ያው የቀድሞው ነበር። ስንዴ አትራፊ ሲሆን ባለመሬቱ ከጭሰኛ ጋር አዝመራ ከመካፈል በትራክተር ማረስ እንደሚሻለው አሰላ። ብዙ ጭሰኛ ከነልጆቹ ተነሣ። አያቴ ከተነሡት አንዱ ነበር፤ ትራክተር ባየ ቁጥር ፊቱን እንደሚያዞር በልጅነቴ አይቻለሁ፤ ምክንያቱን ግን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ደግሞም ያኔም ጠንቃቃ መካኒኮች ነበሩ። የካዱ ባለሙያዎች ራሳቸው የጭሰኛውን መነሣት አጥንተው ጽፈዋል። የባለመሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት ያሻሽላል የተባለው ረቂቅ ሕግም ፓርላማ ደርሶ ነበር፤ ሳይጸድቅ ቀረ። «እሱ ለሚቀጥለው ይቆይ» ተባለ ማለት ነው። የሚቀጥለው የመጣው በአብዮት፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነበር።

የአንድ ፒክአፕን ጉዳይ ከአገር ጉዳይ ጋር ማወዳደሬ የበዛ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ጥፋቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ይታየኛል፤ የሁለቱም ጥፋት የገንዘብ ከፋዩ ነው። ወደ ላይ ለሚያወጣው እንከፍላለን፤ ለሚይዘው ስንጠየቅ እጃችን ያጥራል። ወንድሜ አዲሱን የሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ ሊያስሞላ በሄደ ጊዜ ሞተሩ ከየት እንደ መጣ የሚያስረዳ ወረቀት ተጠየቀ፤ ተገቢ ነው። ሞተሩ በማደጉ ፍሬኑ ምን ተደረገለት ብሎ የጠየቀው ግን አልነበረም። ለቦሎ ምርመራም የቀረበው ባዶውን ነው። ባዶ ሃይሉክስ በሜዳ ላይ ሲቆም ያላለፈው ፈተና የለም። ሞተሩ የተለወጠ የጭነት መኪና ጭኖ ቢፈተን፣ የሞተሩን ቁጥር የሚመዘግበው ብዕር ያን ፈተና ሳያይ ባይጽፍ እላለሁ። እስከዚያው ግን ከከተማ ገንዘብ የምንልክ ወንድሞችና እኅቶች በመጀመሪያ የምንልከው ለፍሬን ይሁን። ይህን ለማለት ከእኔ የተሻለ ንጹሕ ሰው ቢገኝ በወደድሁ።

ባለፈው እሑድ ወንድም ጋሼ ደወለ። ፒክአፑ ተበይዶና ቀለም ተቀብቶ ወጥቷል። ልጁም በምርኩዝ መራመድ ጀምሯል፤ የሕክምናውን ወጪ ተካፍለን እየከፈልን ነው። ወሬው ሲያልቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ እስካሁን አልተሸጠም አሉኝ» አለ።

«ፍሬኑስ?» አልሁት።

«እሱንም እናሠራዋለን።»

«የትኛው ይቀድማል?»

ዝም አለ። በስልኩ ውስጥ ከዴራ በኩል የሚወጣ መኪና ድምፅ ይሰማኝ ጀመር፤ ወፍራም፣ የሚጎትት ድምፅ። ሁለታችንም አዳመጥነው። ሾፌሩ ማርሽ መለሰ።

«አይሱዙ ነው» አለ ወንድም ጋሼ። «ሃምሳ ኩንታል ይሆናል የጫነው።»